በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?

“አባባ፣ በደረሰኝ ይሁን ወይስ ያለ ደረሰኝ?”

ጥያቄው የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ስልኩ ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ሲም ካርድ ገብቶበት፣ ልጅቱ ካሜራውን ወደ አባቷ አዙራ አንድ ሁለት ፎቶ ካነሳች በኋላ። ባለሱቁ ወጣት ሁለት ዋጋ ይናገራል፤ በመሀላቸው ያለው ልዩነት የ15 በመቶ ቫት ነው። ከጊምቦ ወረዳ ቡና ሸጠው ቦንጋ የገቡት አባት ልዩነቱን በልባቸው ይመነዝሩታል፤ የመመለሻ ትራንስፖርት፣ አንድ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ የታናሹ ልጅ ጫማ። “ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል ልጄ? በቀነሰው አድርግልኝ” ይላሉ። ከባለሱቁ ራስ በላይ፣ ከተሰቀሉት የስልክ ሽፋኖች መሀል፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።”

አባትና ልጅ የአንድ ቤት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ባለሱቁም አንድ ሰው አይደለም። የብዙ ሰው ጉዳይ በሦስት ሰው ተመስሎ የቀረበ ስለሆነ ስም አልሰጠኋቸውም። እንዲህ ያለው ግዢ በቡና መሸጫ ወራት ቦንጋ ላይ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ጅማም መርካቶም ሲፈጸም ይውላል። ገንዘብ እጁ የገባ ሰው ስልክ ይገዛል፤ ስልኩ ደግሞ ዛሬ ቅንጦት አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘብ የሚላከውም የሚቀበለውም በዚሁ ዕቃ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ስልኩ አመል ያወጣል። ቻርጁ 40 በመቶ ላይ እያለ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ገመድ ሲሰካበት መልሶ ይነሳና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ 38 በመቶ ያሳያል። ቪዲዮ ሲከፈት ጀርባው እንደ ምጣድ ይግላል።

ይህ አመል ስለ ስልኩ ብዙ ይናገራል። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው ኃይል ከመቀነሱም በላይ፣ ያለውን ኃይል ቶሎ የማውጣት አቅሙ ይደክማል። ካሜራ ሲበራ ወይም ኔትወርክ ሲፈለግ ስልኩ ባንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ የደከመው ባትሪ ቮልቴጁ ወርዶ ስልኩን ያጠፋዋል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው መቶኛ ደግሞ የሚሰላ ግምት ስለሆነ፣ እርጅናውን በትክክል ላያሳይ ይችላል። እንግዲህ በሁለት ሳምንቱ እንዲህ የሚሆን ስልክ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ እንከን አለበት፤ ወይም ስልኩ “አዲስ” ተብሎ ይሸጥ እንጂ አዲስ አልነበረም።

ሁለተኛው ብርቅ ነገር አይደለም። ገበያው “ስላሽ” የሚለው፣ ውጭ አገር ተሠርቶበት የመጣ ስልክ አለ። ስላሽን ስላሽ ነው ብሎ መሸጥ ምንም ነውር የለበትም፤ አንዳንዱ ከአዲሱ ርካሽ ኮፒ በብዙ የሚሻል ነው። ክፋቱ የሚጀምረው ጀርባውና ስክሪኑ ተቀይሮለት፣ አዲስ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ሲቀርብ ነው። ላስቲክ ማሸግ ቀላል ሥራ ነው። “የታሸገ ነው” የሚለው ቃል የሚያረጋግጠው ላስቲኩን ብቻ ነው።

ማረጋገጫው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ስልኩ ላይ *#06# ሲደወል አይኤምኢአይ የሚባለው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይወጣል፤ ሁለት ሲም ለሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የስልኩን ሞዴል ይለያሉ፤ የመጨረሻው አኃዝ ከፊተኞቹ 14 በስሌት የሚገኝ ነው፣ ቁጥሩ በዘፈቀደ የተጻፈ ከሆነ ያጋልጣል። ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር ከካርቶኑ ጎን ከተለጠፈው ጋር ካልገጠመ፣ ስልኩና ካርቶኑ የተገናኙት ፋብሪካ ውስጥ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ይህን ኮድ የለመደው በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ያልተመዘገበ ስልክ ኔትወርክ እንዳያገኝ የሚያደርገውን አሠራር ሥራ ላይ ባዋለ ጊዜ ነበር። ኮዱ ዛሬም ይሠራል። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ከካርቶኑ ጋር የሚያመሳክር ገዢ ግን ቆጣሪና ተጠራጣሪ ተብሎ ስለሚታይ፣ ብዙ ሰው ያፍራል።

ማፈር ግን የቦንጋ ገበያ ጠባይ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቦንጋ ከሰሜን የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚደርሱባት ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 እስከዚያ ድረስ ዘልቋል። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነጋዴ ጠገራ ብር ሲቀበል የማርያ ቴሬዛን ምስል ዝም ብሎ አያምንም ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥና ዘውዷ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይቆጥራል፣ ያልተሟላውን ወይም ያረጀውን ይመልሳል። የማንም ክብር አይነካም። ቆጠራው የግብይቱ አካል ነበር።

ወደ ማስታወቂያው እንመለስ። “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለው ጽሑፍ ገዢው ሐሳቡን ስለቀየረ ብቻ ዕቃ አልመልስም ለማለት ከሆነ ያስኬዳል። ቀለሙን ጠላሁት፣ ከሌላ ሱቅ ረክሶ አገኘሁት ለሚል ሰው ባለሱቁ እንቢ ቢል አይፈረድበትም። እንከን ላለበት ዕቃ ግን ማስታወቂያው ከተጻፈበት ወረቀት የበለጠ ዋጋ የለውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል፦ ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ፣ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ በማስረጃ አስደግፎ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። የበለጠ የሚጠቅመው የዋስትና ወይም የውል ግዴታ ካለ ደግሞ ያም አብሮ ይጸናል። ስለዚህ ባለሱቁ “የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለው፣ አዲስ አበባ ላከው ይጠግኑልሃል” ሲል፣ ጋራንቲው በመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት ያለውን መብት አይተካውም።

አዋጁ ሌላም ነገር ከልክሏል። የዕቃውን አዲስነት፣ ሞዴሉን፣ አገልግሎቱ የቀነሰ ወይም እንደገና የተሠራ መሆኑን፣ አምራቹ ከገበያ እንዲሰበሰብ ያዘዘው መሆኑን፣ ያገለገለ መሆኑን በትክክል አለመግለጽ ክልክል ነው። ለሽያጩ የተገባውን ዋስትና አለመፈጸምም እንዲሁ። ስላሽን አዲስ ነው ብሎ መሸጥ እንግዲህ የሱቅ ብልጠት ሳይሆን ሕግ መጣስ ነው።

የጊምቦውን አባትና ልጅ የሚመለከት አንድ ትንሽ ነጥብ እዚህ ላይ አለ። ሕጉ ሸማች የሚለው ዕቃውን ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ሲሆን፣ ገንዘቡን ራሱ ይክፈለው ሌላ ሰው ይክፈልለት አይለይም። “አንቺ አልገዛሽም፣ የገዙት አባትሽ ናቸው፣ እሳቸው ይምጡ” ብሎ ልጅቱን ከበር መመለስ አይቻልም።

እስከዚህ ሕጉ ለገዢው ያደላ ይመስላል። ችግሩ ያለው “በማስረጃ” የምትለው ቃልና የ15 ቀኑ ቆጠራ ላይ ነው።

ከአሥራ አምስቱ ቀን እንጀምር። አዲስ አበባ ላይ 15 ቀን በቂ ነው፤ በታክሲ ወርዶ ሱቁ ድረስ መመለስ ነው። ከዴቻ ወይም ከሌላ ራቅ ያለ ወረዳ ለሚመጣ ሰው ግን 15 ቀን ማለት ሁለት የገበያ ቀን ማለት ነው። የመጀመሪያው የገበያ ቀን “ምናልባት ይስተካከል ይሆናል” እየተባለ ያልፋል፤ በሁለተኛው ዝናብ ይጥላል። ቦንጋ ያለችበት ካፋ ዓመቱን ከግማሽ በላይ የሚዘንብበት አገር ነው፤ የገጠሩን መንገድ ጭቃ ሲይዘው ባለ 15 ቀን መብት እቤት ተቀምጦ ያልቃል። ብሪታንያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የሸማቾች ሕግ እንከን ያለበትን ዕቃ መልሶ ገንዘብ ለመቀበል 30 ቀን ትሰጣለች። ልዩነቱ ከዚያም ይሰፋል፦ እዚያ በመጀመሪያው ስድስት ወር የታየ እንከን ሲሸጥ ጀምሮ እንደነበረ ይቆጠራል፣ አልነበረም የሚል ሻጭ ማስረዳት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ይህንኑ ግምት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያደርገዋል። እኛ ዘንድ የማስረዳቱ ሸክም የተጫነው የገዢው ትከሻ ላይ ነው። ሕጉ ሲሻሻል ይህ ቢነካ ደስ ይለኛል፤ ስለ ስልኩ ውስጥ የሚያውቀው የሸጠው ሰው እንጂ ቡና ለቃሚው አይደለምና።

እና ማስረጃው? ዋናው ማስረጃ ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ደግሞ ገዢው ሲጠይቅ ብቻ የሚሰጥ ውለታ አይደለም፤ ያው አዋጅ ነጋዴው ለሸጠው ዕቃ ወዲያውኑ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። “በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?” የሚለው ጥያቄ ራሱ መጠየቅ ያልነበረበት ጥያቄ ነው። የተለመደ ስለሆነ ግን ማንም አይደነግጥም፤ ገዢው ቅናሽ ያገኘ፣ ሻጩም ግብር ያመለጠ ይመስላቸዋል። በተግባር አባትየው በዚያች የቫት ቅናሽ የሸጡት የ15 ቀኑን መብታቸውን ነው። ሻጩም ይህን በደንብ ያውቃል። ስልኩ ተበላሽቶ ሲመጣ የመጀመሪያ ንግግሩ “ከእኔ መግዛትህን በምን አውቃለሁ?” ነው።

ደረሰኝ የለም ማለት ግን ሁሉ ነገር አበቃ ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ሕግ የስልክ ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ግዴታ የለም፤ በቃል የተደረገ ውል ውል ነው፣ በሌላ ማስረጃም ይረጋገጣል። በቴሌብር የተከፈለ ከሆነ የከፋዩን፣ የተቀባዩን፣ የገንዘቡን መጠንና ቀኑን የያዘ መልእክት ስልክ ላይ ይቀራል። (መልእክቱ ያለው በተበላሸው ስልክ ላይ ከሆነ ቶሎ ፎቶ ማንሳት ነው።) በሱቁ ማኅተም የተመታ የጋራንቲ ካርድ፣ አይኤምኢአይ የተለጠፈበት ካርቶን፣ ሲገዛ አብሮ የነበረ ሰው፣ ሁሉም ይረዳሉ። ካርቶኑን ቤት እንደገቡ ለሕፃን መጫወቻ መስጠት ወይም ምድጃ ማቀጣጠያ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ለዓመት ያህል ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።

አባት ልጃቸውን ይዘው ሱቁ ተመልሰዋል እንበል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን።

“ልጄ፣ ይኸው ስልኩ ይጠፋል።”

“አባባ፣ ሶፍትዌር ነው። ይስጡኝ፣ ጎረቤት ያለው ልጅ ፍላሽ ያደርገዋል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።”

እዚህ ላይ እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ስልኩ ፍላሽ ሲደረግ በውስጡ ያለው የአጠቃቀም ታሪክ ይጠፋል፤ ሞባይል ሠሪው ጀርባውን ከከፈተው ደግሞ አምራቹ ዋስትናውን የሚሰርዝበት ምክንያት ያገኛል። የአምራቾቹ ዋስትና በአብዛኛው ወድቆ የተሰበረ፣ ውሃ የገባበት ወይም ባልተፈቀደለት ሰው የተከፈተ ስልክን አይሸፍንም። የሚከተለው ክርክር እንግዲህ ይታወቃል፦ “ውሃ ገብቶበታል።” ካፋ ላይ ይህን ማለት ይቀላል፤ የማይዘንብበት ቀን ስንት ነውና። ብዙ ስልኮች ግን በውስጣቸው ወይም በሲም ማስገቢያው አካባቢ ውሃ ሲነካት ወደ ቀይ የምትቀየር ትንሽ ነጭ ምልክት አላቸው። የምትሠራው ፈሳሽ ሲነካት እንጂ አየሩ እርጥብ በመሆኑ እንድትቀላ አይደለም። ውሃ ገባበት የሚል ሰው ምልክቷን ያሳይ፤ ነጭ ከሆነች ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

ስለዚህ ለባለሱቁ የሚሰጠው መልስ “ሳትከፍተው ለውጥልኝ ወይም ገንዘቤን መልስልኝ” ነው። ይህም በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ የእጅ ጽሑፍ ይበቃል፣ ቀን ይጻፍበት፣ ቅጂው ይቀመጥ። በ15 ቀኑ ውስጥ መጠየቁ ራሱ የሚረጋገጠው በዚሁ ነው።

ለውጥ ወይስ ገንዘብ የሚለውም የዋዛ ምርጫ አይደለም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አብሮ ተነሳ፣ ስልክም ጭምር። በእንዲህ ያለው ጊዜ የከፈለውን ብር የሚቀበል ሰው ያንኑ ስልክ መልሶ አይገዛበትም፤ የሚያዋጣው መለወጥ ነው። ሻጭ በፈቃደኝነት ገንዘብ ሲመልስ አይቶ ከመደሰት በፊት የዛሬውን ዋጋ ጎረቤት ሱቅ መጠየቅ አይከፋም።

ሻጩ እንቢ ካለስ? ቦንጋ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ሽምግልና ነው፤ ከተማው ሰፊ ስላልሆነ ባለሱቁን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ “ትንሽ ጨምርና ሌላ ውሰድ” ነው። ሰላም ያወርዳል፣ አልክድም፤ ግን ያለጥፋቱ የሚጨምረው ሁልጊዜ ገዢው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በር የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። ባለሱቁ ፈቃዱን የሚያወጣውም የሚያድሰውም በዚሁ መሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ አንድ ገጽ ማመልከቻ ከብዙ ጭቅጭቅ ይበልጣል።

የከፍተኛው አካል ነገር ትንሽ ውስብስብ ነው። አዋጁ ሲወጣ ጉዳዩን የሚያየው አዲስ አበባ ያለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ሲወጣ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ክልሎች በየራሳቸው የሸማቾች ጉዳይ የሚዳኝ አካል እንዲያቋቁሙም አዋጁ በር ከፍቶላቸዋል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በዚያው በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሲሆን፣ የአስተዳደር መቀመጫው ቦንጋ ነው። ቀድሞ የካፋ ሰው ክልላዊ ቢሮ ለመጠየቅ ሐዋሳ ድረስ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ የክልሉ መቀመጫ እዚሁ ነው። ለአንድ ስልክ የሚሆን አቤቱታ የሚሰማ፣ ቀለል ያለ፣ ጠበቃ የማያስፈልገው ችሎት ለማቋቋም ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይታየኝም።

ፍርድ ቤትም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከእንከን ነጻ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል፤ ገዢውም ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካየ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ካስታወቀ በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። 15 ቀኑ ያለፈበት ሰው የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ከሆነ፣ “አልመልስም፣ ዋስ አልሆንም” የሚል የውል ቃል አያድነውም።

ስለ ባለሱቁ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ፍርዴ ያደላል። አብዛኛው የቦንጋ ሱቅ ስልኩን ከአዲስ አበባ፣ በተለይ ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ ያመጣል፤ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ። እሱም ሲገዛ ያው ጥያቄ ተጠይቋል፣ እሱም “በቀነሰው” ብሏል። ካርቶኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ስልክ አይመረምርም፤ ከተከፈተ አዲስ ነው ብሎ የሚገዛው የለም። ስልኩን ለጊምቦው አባት ሲለውጥ ኪሳራው እሱ ጋ ይቀራል። “አልመልስም” የሚለው ሁልጊዜ አጭበርባሪ ስለሆነ አይደለም፤ ወደ ላይ የሚመልስበት ወረቀት ስለሌለው ጭምር ነው።

ሕጉ ለዚህም መልስ አለው፣ ለሸማቹና ለባለሱቁ ግን በተለያየ መንገድ። ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በተናጠል ወይም በአንድነት መጠየቅ ይችላል። ባለሱቁ ግን መልሶ ለመሸጥ የገዛ ስለሆነ ሸማች አይባልም፤ የ15 ቀኑ መብት ለእሱ አልተጻፈም። የእሱ መንገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ ሳይዘገይ ለጅምላ ሻጩ ማስታወቅ፣ ከማን እንደገዛ ማሳየት። ለዚህም የመርካቶው ነጋዴ በስሙ የቆረጠው፣ የስልኮቹ አይኤምኢአይ ቁጥር የተዘረዘረበት የእጅ በእጅ ሽያጭ ደረሰኝ ያስፈልገዋል። ያን ደረሰኝ ይዞ የሚመጣ ባለሱቅ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የተመለሰለትን ስልክ ተቀብሎ በመጣበት መኪና መልሶ ሊልከው ይችላል።